ዕዳ እያለብኝ ክሊራንስ ይሰጡኛል?

ጥያቄው፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዜግነት አግኝቻለሁ። አንድ የመከላከያ ኮንትራክተር በአይቲ ሙያ ሊቀጥረኝ ተስማምቷል፤ ሥራው የሚጸናው ግን ሲክሬት ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) ካለፍኩ ብቻ ነው። በ2023 ለሰባት ወር ከሥራ ወጥቼ ኡበር ስነዳ ነበር። የሁለት ክሬዲት ካርድ 11,400 ዶላር ቻርጅ ኦፍ ሆኗል (ባንኩ አይከፈልም ብሎ ኪሳራ ላይ መዝግቦታል)፣ 640 ዶላር የሆስፒታል ቢል ኮሌክሽን ገብቷል (ለዕዳ ሰብሳቢ ተላልፏል)። ለአክስቴ ልጅ ኮሳይን ያደረግኩለት (በብድሩ ላይ አብሬው የፈረምኩለት) መኪና ተወስዶ ተሸጠና ቀሪ 7,800 ዶላር እኔን ይጠይቁኛል። የ2022 ታክስ 4,900 ዶላር አልከፈልኩም፣ የ2023ቱን ጭራሽ አላስገባሁም። ዕቁብ አለብኝ፣ አዲስ አበባ ላሉት እናቴም በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ። ጓደኞቼ ግማሾቹ «ዕዳ ካለብህ አትሞክረው»፣ ግማሾቹ «ፎርሙ ላይ አትጻፈው»፣ አንዱ ደግሞ «ባንክራፕሲ ገብተህ ተገላገል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

ምላሽ፦ የጓደኞችዎ ምክር ሦስቱም አይጠቅምዎትም፤ ሁለተኛው ደግሞ ወንጀል ነው። ዕዳ ስላለብዎት ብቻ በሩ አልተዘጋም። ይህን ያህል ዶላር ያለበት ይከለከላል የሚል ቁጥር የትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ የክሬዲት ስኮርዎም 580 ይሁን 720 ውሳኔ ሰጪው በእሱ አይመዝንዎትም። የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፦ ዕዳው በምን ምክንያት መጣ፣ ከመጣ በኋላ ምን አደረጉ፣ ሲጠየቁ እውነቱን ተናገሩ ወይ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ካርዱና የሆስፒታሉ ቢል ቀላሎቹ ናቸው። የሚያሰጋኝ ታክሱ ነው።

መንግሥት የሰው ኪስ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አለው። የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሠራተኛ የነበረው ሮናልድ ፔልተን በ1979 ኪሳራ አውጆ፣ በጥር 1980 ዋሽንግተን ያለው የሶቪየት ኤምባሲ በራፍ ላይ ተገኘ። የባሕር ኃይሉ ጆን ዎከርም በ1967 ምስጢር መሸጥ የጀመረው የከፈተው መጠጥ ቤት ኪሳራ ላይ ጥሎት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በሥራ ላይ ያለው መመዘኛ ከሰኔ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት «ሲያድ 4» የተባለው መመሪያ ነው። ከኤ እስከ ኤም 13 ርዕሶች አሉት፤ ገንዘብን የሚመለከተው ኤፍ ነው። ውሳኔ ሰጪዎቹ ግን ባለዕዳን ሁሉ እንደ ሰላይ አያዩም። በብዛት የሚጠይቁት ከዚህ ዝቅ ያለ ነገር ነው፦ ይህ ሰው የገባውን ግዴታና የተጻፈ ደንብን ማንም ሳይቆምበት ያከብራል?

ታክስ ከሌላው ዕዳ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ክሬዲት ካርድ በእርስዎና በባንኩ መካከል ያለ ውል ነው፤ ታክስ ግን ክሊራንሱን ከሚሰጥዎት መንግሥት ጋር ያለብዎት ሕጋዊ ግዴታ ነው። በዚህ ላይ አለመክፈልና አለማስገባት አንድ አይደሉም። ገንዘብ ያጣ ሰው ላይከፍል ይችላል፤ ፎርሙን ሞልቶ ለማስገባት ግን ገንዘብ አያስፈልግም። ቅጣቱም ይህንኑ ያሳያል፦ ላለማስገባት በየወሩ 5 በመቶ እስከ 25 በመቶ ድረስ፣ ላለመክፈል ግን በየወሩ ግማሽ በመቶ።

ስለዚህ ከማንኛውም ካርድ በፊት የ2023ቱን ያስገቡ፤ የፌዴራሉንም የቨርጂኒያውንም። ብዙ ሰው የስቴቱን ይረሳና በኋላ ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆኖ ይመጣበታል። የአይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ኦንላይን አካውንት ከፍተው «ዌጅ ኤንድ ኢንካም ትራንስክሪፕት» የሚለውን ያውርዱ፤ አሠሪዎችዎና ኡበር በስምዎ ምን እንዳሳወቁ ያዩበታል። ብዙ የኡበር ሹፌር በድንጋጤ ሳያስገባ የሚቀረው፣ 1099 በሚባለው የገቢ ማሳወቂያ ፎርም ላይ የሚያየው ድምር ሁሉ ገቢው ስለሚመስለው ነው። ኡበር የሚያሳውቀው ተሳፋሪው የከፈለውን ነው፤ ከዚያ ላይ የኡበር ኮሚሽንና የተነዳው ማይል ይቀነሳል። የ2023 ተመን በማይል 65.5 ሳንቲም ነበር፤ ለሥራ 20,000 ማይል የነዳ ሰው 13,100 ዶላር ይቀንሳል ማለት ነው። ማስረጃው ግን በቀኑ የተያዘ የማይል መዝገብ ነው። ኡበር በዓመቱ መጨረሻ የሚልከው ማይል ሁሉንም ስለማይዝ፣ የዘይት ቅየራና የኢንስፔክሽን ደረሰኞች ላይ ያለው የኦዶሜትር ቁጥር ያግዝዎታል። በተጣራው ትርፍ ላይ 15.3 በመቶ የራስ ሠሪ ታክስ እንዳለ አይርሱ።

ቅደም ተከተሉን የማይዘልሉት አይአርኤስ ያልገባ ዓመት እያለብዎት የክፍያ ስምምነት ስለማይፈቅድም ነው። የ2023ቱ ከገባ በኋላ ጠቅላላው ከነቅጣቱና ወለዱ ከ50,000 ዶላር በታች ስለሚሆን እዚያው ኦንላይን በየወሩ ለመክፈል ማመልከት ይችላሉ። ከባንክ ሒሳብዎ በቀጥታ እንዲቆረጥ ያድርጉት፤ ስምምነቱን ለመክፈት የሚጠየቀው ክፍያ አነስ ይላል፣ አንድ ወር ረስተው ስምምነቱ እንዳይፈርስም ይጠብቅዎታል። ከ2022 በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ቅጣት ካልነበረብዎት «ፈርስት ታይም አቤትመንት» ብለው ይጠይቁ፤ የዚያን ዓመት ቅጣት ሊያነሱልዎት ይችላሉ። መመሪያ ኤፍ ከታክስ ባለሥልጣኑ ጋር ስምምነት ያደረገንና ስምምነቱን እየፈጸመ ያለን ሰው በግልጽ ይጠቅሳል፤ የሚቆጠርልዎት ታዲያ ፊርማው ሳይሆን የከፈሉባቸው ወራት ናቸው። ዛሬ ጀምረው ከስድስት ወር በኋላ መርማሪ ፊት ቢቀርቡ ስድስት ደረሰኝ በእጅዎ ይኖራል።

ወደ ፎርሙ ልምጣ። ኤስኤፍ 86 የሚባለው የክሊራንስ መጠይቅ ክፍል 26 ገንዘብን ይጠይቃል። በአብዛኛው ያለፉትን ሰባት ዓመታት ነው የሚመለከተው፦ ኪሳራ፣ ያልገባ ወይም ያልተከፈለ ታክስ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የተወሰደ ንብረት፣ ኮሌክሽን፣ ቻርጅ ኦፍ፣ ከደመወዝ መቆረጥ፣ ከ120 ቀን በላይ የዘገየ ማንኛውም ዕዳ። ከቁማር ለመጣ የገንዘብ ችግር ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የ2023 ታክስዎን ነገ ቢያስገቡ እንኳ «በወቅቱ ሳያስገቡ ቀርተው ያውቃሉ?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው። የአክስትዎ ልጅ መኪና የእርስዎ ባይሆንም፣ ፎርሙ ኮሳይን ያደረጉበትንም ጨምሩ ብሎ ይጠይቃል። የክሬዲት ቢሮዎቹ የተከፈለ ወይም ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን ከሪፖርት ያወጣሉ፤ የእርስዎ 640 ዶላር ሲከፈል ከሪፖርቱ ይጠፋል፣ ፎርሙ ላይ ግን ይጻፋል። ጥያቄው ኮሌክሽን ገብቶ ያውቃል ወይ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ይታያል ወይ አይደለም።

ከመሙላትዎ በፊት የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርት ያውጡ፦ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስ፣ ትራንስዩኒየን። አንዱ የያዘውን ሌላው ላይይዘው ይችላል። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል። መርማሪው እነዚህኑ ስለሚያይ የሚደበቅ ነገር የለም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዕዳን ማስረዳት ይቻላል፤ ውሸት ግን መመሪያ ኢ ወደሚባለው የግል ባሕርይ ጉዳይ ይዞርና ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ተከትሎዎት ይኖራል። የፌዴራል ፎርም ላይ እያወቁ መዋሸት እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ረስተው የዘለሉት ነገር ቢኖር ማንም ሳይጠይቅዎት ራስዎ ያስተካክሉት፤ ቀድሞ የመጣና ሲያዝ ያመነ እኩል አይታዩም።

ከእያንዳንዱ «አዎ» ቀጥሎ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ሥራ አልነበረኝም» ብለው አይለፉት። እንዲህ ያለ ነገር ይሁን፦ «ከመጋቢት እስከ መስከረም 2023 ድርጅቱ ሠራተኛ ቀንሶ ያለ ቋሚ ሥራ ኡበር እነዳ ነበር። ገቢዬ በወር ከ4,800 ወደ 2,100 ዶላር ገደማ ወረደ። ካርዱን እስከ ሰኔ ድረስ በትንሹ ስከፍል ቆይቼ አቆምኩ። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በዚህ ቀን ደውዬ በወር 200 ዶላር ለመክፈል ተስማማሁ፤ ደብዳቤው በእጄ አለ።» ቀን፣ መጠን፣ የተወሰደ እርምጃ። ልመናና ምሬት አያስፈልግም።

ካርዶቹን በሚመለከት፣ ከሥራ መቀነስ ከእርስዎ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ምክንያት ተብሎ ይያዝልዎታል፤ መመሪያው ግን በዚያው ዓረፍተ ነገር «በኃላፊነት ከተንቀሳቀሰ» ይላል። ሥራ ካገኙ ወዲህ ምንም ካልከፈሉ የሰባቱ ወር ምክንያት ለሰባቱ ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሁሉንም ከፍለው መጨረስ አይጠበቅብዎትም። የሚጠበቀው አቅምዎን ያገናዘበ ዕቅድ ማውጣትና በዕቅዱ መሄድዎ ነው፤ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ተቀባይነት አለው። በስልክ የተነገረዎትን ቅናሽ አይመኑ። ስምምነቱ በጽሑፍ ሳይመጣ አንድ ዶላር አይላኩ፣ ክፍያው ዱካ በሚተው መንገድ ይሁን፣ ሲያልቅ ቀሪው ዜሮ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበሉ። ለምሳሌ ከካርዶቹ የአንዱን 6,000 ዶላር በ2,500 ቢዘጉልዎት የቀረውን 3,500 ዶላር አበዳሪው 1099-ሲ በሚባል ፎርም እንደ ገቢ ለአይአርኤስ ያሳውቃል። ዕዳዎ በዚያ ሰዓት ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ ፎርም 982 ሞልተው ነፃ መውጣት ይችላሉ፤ ዝም ካሉት ግን ከካርድ ዕዳ ወጥተው አዲስ የታክስ ዕዳ ውስጥ ይገባሉ።

ሁለት መሸሻዎች አሉ፣ ሁለቱም አይሠሩም። አንዱ «ሰባት ዓመት ሲሞላው ከሪፖርት ይወጣል» ነው፤ ሌላው «ይርጋ አግዶታል፣ ሊከሱህ አይችሉም»። አበዳሪው ሊከስዎት ባይችልም ውሳኔ ሰጪዎቹ በይርጋ ማምለጥን በቅን ልቦና እንደ መክፈል አይቆጥሩትም። በማስታወቂያ የሚመጡት ዕዳ አስታራቂ ነን ባዮችም መክፈል አቁሙ ብለው ይጀምራሉ፤ ያ ደግሞ ፋይልዎን ያበላሸዋል። ምክር ከፈለጉ ለትርፍ ያልቆመ፣ ኤንኤፍሲሲ የተባለው ብሔራዊ የክሬዲት አማካሪዎች ማኅበር አባል የሆነ የክሬዲት አማካሪ ይሻላል።

የመኪናው ጉዳይ ለሐበሻው ሰፈር በተለይ የተለመደ ነው፤ የዘመድን ልመና እምቢ ማለት ይከብዳልና። ሕጉ ግን ኮሳይነርን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ አያየውም፤ ሙሉ ባለዕዳ ነዎት። «ዕዳው የአክስቴ ልጅ ነው» የሚል መልስ ኃላፊነትን መሸሽ ሆኖ ይነበብብዎታል። ይልቅ ለአበዳሪው ደውለውም በጽሑፍም የሽያጭ ማስታወቂያውንና ሒሳቡን ይጠይቁ፦ መኪናው በጨረታ በስንት ተሸጠ፣ የመጎተቻና የማቆሚያ ወጪ ስንት ተባለ። ያለ ማስታወቂያ ከተሸጠ ወይም ቁጥሩ ካልገጠመ በማስረጃ መከራከር ይችላሉ፤ መመሪያው በሰነድ የተደገፈ ክርክርን ይቀበላል። ካልሆነ በትንሽም ቢሆን መክፈል ይጀምሩ። የአክስትዎ ልጅ የድርሻውን ሊሰጥዎት ፈቃደኛ ከሆነ በባንክ ያስተላልፍልዎት።

ባንክራፕሲ ሕጋዊ መብት ነው፣ በራሱም አያስከለክልም። ሆኖም እርስዎ ካለብዎት ውስጥ በጣም አሳሳቢውን፣ የቅርብ ዓመታቱን ታክስ፣ በአብዛኛው አያነሳልዎትም። በማመልከቻው ዋዜማ የተገባ ባንክራፕሲ ደግሞ ከዚያ በኋላ ገንዘብዎን እንዴት እንደያዙ የሚያሳይ ጊዜ አይተውልዎትም። 20,000 ዶላር ገደማ ለሆነ የካርድና የመኪና ዕዳ፣ ደመወዝ እያለ፣ እኔ አልመክረውም።

አሁን አሜሪካዊ ጠበቃ የማይጠይቅዎትን ልጠይቅ፦ ዕቁቡን። ዕቁብ መጣል ችግር የለውም። ችግሩ ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው። ዕቁቡ ሲወጣልዎ ባንክ ሒሳብዎ ላይ ድንገት 12,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ይታያል፤ ለማያውቀው ሰው ይህ ምንጩ ያልታወቀ ገቢ ነው። የከፈሉበትን ቀንና መጠን የሚያሳይ ደብተር ይያዙ፤ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ፈርመው የሚሰጡት አንድ ገጽ፣ ስንት አባል እንዳለ፣ ዕጣው ስንት እንደሆነና ለእርስዎ መቼ እንደወጣ የሚገልጽ፣ በቂ ነው። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲያስገቡ ባንኩ ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ ክስ አይደለም፣ ተራ አሠራር ነው። ሪፖርቱን ለመሸሽ 4,000፣ 4,000 እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ግን፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። ደግ መካሪዎች «ባንኩን አታስጨንቀው» እያሉ ወደዚህ ይመሩዎታል።

ለእናትዎ የሚልኩት 300 ዶላር በሌላ ክፍል፣ ለውጭ ዜጋ የሚደረግ ድጋፍ በሚለው ሥር ይጻፋል። እናትን መርዳት የሚያሳፍርም የሚያስከለክልም አይደለም። በባንክ ወይም ደረሰኝ በሚሰጥ አስተላላፊ ይላኩ፤ በጥቁር ገበያ፣ በማይታወቅ ሰው ሒሳብ በኩል የሄደ ገንዘብን ማስረዳት ይከብዳል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም የዳያስፖራ ሒሳብ ካለዎት እሱም ይጻፋል። የውጭ ሒሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን ማሳወቂያ ማስገባት አለብዎት።

እነዚህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ የሚያገናኛቸው የወር በጀት ነው፤ መርማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ይጠይቁታል። ለምሳሌ የተጣራ ገቢዎ 4,600 ዶላር ቢሆን፦ ኪራይ 1,650፣ ምግብ 550፣ መኪናና ኢንሹራንስ 480፣ ስልክና መብራት 220፣ እናት 300፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን 70፤ ድምር 3,270። ለአይአርኤስ 150፣ ለመጀመሪያው ካርድ 200፣ ለመኪናው 125። ዕቁብ 500። የሚተርፈው 355 ዶላር ነው። አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ነው፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ 500ው ላይ ያርፋል፤ አበዳሪ እየጠበቀ ለምን ይቆጥባል ይላል። መልስዎ «ሲወጣልኝ ሁለተኛውን ካርድ እዘጋበታለሁ» ከሆነ በጀቱ ግርጌ ይጻፉት፤ ሲወጣልዎም ያንኑ ያድርጉ።

ፋይልዎ ከገባ በኋላ ጊዜያዊው ክሊራንስ ሊዘገይ ወይም ላይሰጥ ይችላል፤ ያ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። የድርጅቱ የደኅንነት ኃላፊ፣ ኤፍኤስኦ የሚሉት፣ መንገዱን ያሳይዎታል፤ የሚወስነው ግን እሱ ሳይሆን በመከላከያ ሥር ያለው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ዲሲኤስኤ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ኤስኦአር የሚባል፣ ነጥቦቹ በተራ ቁጥር የተዘረዘሩበት ደብዳቤ ይደርስዎታል። ለኮንትራክተር ሠራተኛ መልስ መስጫው ከደረሰዎት ጀምሮ 20 ቀን ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ «አምናለሁ» ወይም «እክዳለሁ» ብለው በመሐላ ይመልሳሉ። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ በጥድፊያ የሚደረግ ክፍያ ክብደቱ ያንሳል፤ ክሊራንሱን ላለማጣት ብቻ የተከፈለ ይመስላል። በመልስዎ ላይ በዳኛ ፊት መቅረብ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። በወረቀት ብቻ ይወሰን ካሉ ዳኛው ፊትዎን አያይም፣ ድምፅዎን አይሰማም፤ በገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ሰውየው ራሱ ሲያስረዳ ብዙ ነገር ይጠራል።

ክሊራንሱን ካገኙ በኋላም ክሬዲትዎ በኮምፒውተር ያለማቋረጥ ይታያል። ወደፊት 120 ቀን የዘገየ ዕዳ ወይም ኪሳራ ቢያጋጥምዎ ማሳወቅ የእርስዎ ግዴታ ነው። ወደ ቶፕ ሲክሬት ካደጉ ከደመወዝ መቆረጥም፣ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ያልተለመደ ገንዘብ፣ ለምሳሌ ውርስ፣ መግባቱም ይጨመርበታል።

ዳኛው ቢከለክልዎት ይግባኝ የሚሉት ውሳኔው በወጣ በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ግን አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፣ እንደገና ለማመልከትም አንድ ዓመት መጠበቅ አለ። ስለዚህ ከአይአርኤስም ሆነ ከአበዳሪ የሚጠብቁት ደብዳቤ በችሎቱ ቀን ካልደረሰ፣ መዝገቡን ለተወሰነ ጊዜ ክፍት እንዲያደርጉልዎ ዳኛውን እዚያው ይጠይቁ።